20 ቶን በአንድ ክንድ

ዓባይ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው ካፉሪን በስተቀኙ ትቶ ያልፋል። ሰፈሩ የካርቱም ሰሜን፣ ነዋሪው ባህሪ የሚለው ከተማ አካል ነው። ስሙን ያገኘው በዚያ ሰፊ እርሻ ከነበረው ከዓዚዝ ካፉሪ ነው፤ እርሻው ከጊዜ በኋላ ቪላና ሰፋፊ ግቢ ሆነ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ካፉሪ በፈጥኖ ደራሹ እጅ ወደቀ፤ ሠራዊቱ መልሶ የያዘው በየካቲት 2017 መግቢያ ላይ ነበር። በዚህ መሃል በከተማዋ ብዙ መኪና ተዘረፈ፤ የተረፈውም በቆመበት ከረመ። ለጋራዡና ለመለዋወጫው ሁሉ መተማመኛ የነበረው የባህሪ የኢንዱስትሪ ቀጠና ተዘርፎ ተቃጠለ። መብራቱም አብሮ ጠፋ።

እንዲህ ባለ ቦታ በሰው ክንድ ብቻ የሚሠራ የጋራዥ ማሽን ትልቅ ዋጋ አለው። ከእነዚህ አንዱ የእጅ ሃይድሮሊክ ፕሬስ ነው። ግቢ ውስጥ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ገመድ የለውም፣ ነዳጅ አይጠጣም፤ ያረጀ የጎማ ኩሽኔታ አውጥቶ አዲሱን ለማስገባት ግን ከእሱ የተሻለ መሣሪያ የለም።

ኩሽኔታን የአዲስ አበባ ልጅ ከመኪና በፊት በጋሪ ያውቀዋል። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ እንጨት ላይ ተሰክቶ የልጆች መንሸራተቻ ወይም የዕቃ መጫኛ ጋሪ ሲሆን አስፋልቱ ላይ የሚያሰማውን ጩኸት ያልሰማ ሰው የለም። ሱዳኖች ቢሊ ይሉታል። አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ሁለት የብረት ቀለበት ነው፤ በመካከላቸው ኳሶች ወይም ሮለሮች ይሽከረከራሉ፣ ክፍተቱን ግራሶ ይሞላዋል፣ ዳርና ዳሩን የላስቲክ ክዳን ይዘጋዋል። በቆዩት ሃይሉክሶች የፊት ጎማ ላይ ያለው ሾጣጣ ሮለር ያለው ዓይነት ነው፤ እሱን ፈቶ ማጠብ፣ ግራሶ መቀየር፣ በዳዶው ልክ ማጥበቅ ይቻላል። በሂዩንዳይ አክሰንትና መሰል ትንንሽ መኪኖች የፊት እግር ውስጥ ያለው ግን ባለ ሁለት ረድፍ ኳስ፣ ግራሶው ፋብሪካ ውስጥ ታሽጎ የመጣ አንድ ወጥ ዕቃ ነው። አይጠገንም። ሲያልቅ ይወጣና ሌላ ይገባል። ፕሬስ የሚያስፈልገው ለዚህኛው ነው።

የካርቱም አየር ለኩሽኔታ አይመችም። ሃቡብ የሚባለው አውሎ ነፋስ ሲነሳ ቀኑን የሚያጨልመው አቧራ ከዱቄት የላመ ስለሆነ ክዳኑ ትንሽ ከሰነጠቀ ይገባል፤ ሙቀቱም ላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ግራሶው ውስጥ ያለውን ዘይት ይለያል። ሳይንቀሳቀስ የከረመ መኪና ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ክብደቱ ለወራት በአንድ ቦታ ባሉት ኳሶች ላይ ያርፋል፣ ግራሶው ከሥራቸው ይሸሻል፣ የክረምቱ እርጥበት ከደረሰበት የኳሱ መቀመጫ ላይ የዝገት ነጥብ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ መኪናው ሲነሳ ያ ነጥብ በእያንዳንዱ ዙር ይመታል።

በሽታው የሚታወቀው በጆሮ ነው። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር፣ ማርሽ ቢቀየርም የማይለወጥ እምምታ ይሰማል። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ስለሚዞር፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ጩኸቱ ከበረታ የሚጠረጠረው የቀኙ ነው። እኩል ሳይሆን ያለቀ ጎማም ተመሳሳይ ድምፅ ስላለው ብዙ ደህና ኩሽኔታ በከንቱ ይቀየራል። ለመለየት የፊቱን ጎማ ከኋላው ጋር ማለዋወጥ ነው፤ ድምፁ አብሮ ከሄደ ጥፋቱ የጎማው ነው። እኔ የምወደው ሌላ መንገድ አለ። መኪናው በክሪክ ተነስቶ በማቆሚያ ላይ ካረፈ በኋላ አንዱ እጅ ጎማውን ያሽከረክራል፣ ሌላው የሞላውን ብረት ይነካል። ደህና ኩሽኔታ ዝም ይላል፤ ያለቀው በሞላው በኩል ሻካራነቱን ለጣት ያደርሳል።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። ፕሬሱ ከወፍራም ብረት የተሠራ አራት ማዕዘን ፍሬም ነው። በመሃሉ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ግራና ቀኝ በፒን የተያዘ አግዳሚ አለው፤ ሥራው የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚገፋ የዘይት ክሪክ አለ። የታፈነ ፈሳሽ በአንድ በኩል ሲጫኑት ግፊቱን ሳይቀንስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደሚያደርስ የፈረንሳዩ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዘመን አስረድቷል። እንግሊዛዊው የቁልፍ ሠሪ ጆሴፍ ብራማ ደግሞ ያንን ወደ ማሽን ለውጦ በፈረንጆች 1795 የባለቤትነት መብት አወጣበት። የሚገርመኝ፣ ፊሊፕ ቮን የተባለ የዌልስ ሰው ለሠረገላ አክስል ባለ ኳስ ኩሽኔታ መብት ያወጣው በ1794፣ ልክ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ሁለቱ ፈጠራዎች እኩያሞች ናቸው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የፓምፗ ፒስተን 12 ሚሊሜትር፣ የሚገፋው ትልቁ ፒስተን 60 ሚሊሜትር ስፋት ቢኖራቸው የትልቁ ፊት ከትንሿ 25 እጥፍ ይሆናል። የእጀታው ርዝመት ደግሞ የክንዱን ጉልበት 20 ጊዜ ያበዛዋል እንበል። ሁለቱ ሲባዙ 500 ነው። በእጀታው ላይ 20 ኪሎ የጫነ ሰው 10 ቶን፣ 40 ኪሎ የጫነ 20 ቶን ይገፋል። ይህ ሁሉ ጉልበት በነጻ አይመጣም፤ ፒስተኑ 1 ሚሊሜትር እንዲወርድ እጅ ግማሽ ሜትር መጓዝ አለበት። ለእኔ የማሽኑ ትልቁ ጸጋ ይህ ዝግታ ነው፤ ሠሪው እያየ፣ እየሰማ፣ ቢጣመም ቆሞ ለማረም ጊዜ ያገኛል። መዶሻ ይህን ጊዜ አይሰጥም።

ጉልበቱ እንዲህ ከተገኘ፣ የቀረው ጥያቄ የት ላይ ይረፍ የሚለው ነው። ሙያው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቆም ብዬ ልናገርበት። ኩሽኔታው በእግሩ ብረት ውስጥ ጠብቆ የሚቀመጠው በውጪው ቀለበት ነው፤ ጎማው የሚታሰርበት ሀብ ደግሞ ጠብቆ የሚገባው በውስጠኛው ቀለበት ውስጥ ነው። ስለዚህ ኩሽኔታው ወደ እግሩ ሲገባ መገፋት ያለበት የውጪው ቀለበት ብቻ ነው። ቀጥሎ ሀቡ ሲገባ ደግሞ ከሥር ተደግፎ መቀመጥ ያለበት የውስጠኛው ነው። ይህ ከተገላበጠ ጭነቱ በኳሶቹ በኩል ያልፋል። ዮሐን ብሪኔል የተባለው ስዊድናዊ መሐንዲስ በፈረንጆች 1900 የብረትን ጥንካሬ ለመለካት ያቀረበው ዘዴ 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ጠንካራ ኳስ በ3000 ኪሎ ጭነት ብረቱ ላይ ተጭኖ የተወውን ጉድጓድ መለካት ነበር። በተሳሳተው ቀለበት ላይ ፕሬስ የሚያደርግ ሰው ያንኑ ፈተና በአዲሱ ኩሽኔታ ላይ እያካሄደ ነው። የኳሶቹ መንገድ ጠንካራ ብረት ስለሆነና ጭነቱም ለብዙ ኳስ ስለሚከፋፈል ጉድጓዱ በዓይን አይታይ ይሆናል፤ ሆኖም ኩሽኔታው ሥራ ሳይጀምር ታሟል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጮህ ሲጀምር «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። ፎርጅድ ዕቃ በገበያው መኖሩ እውነት ነው፤ ግን በእሱ የሚሳበበው ጥፋት ሁሉ የእሱ አይደለም።

ሥራው ሲጀመር የመሃሉ ትልቅ ዳዶ ጎማው መሬት ላይ ሳለ ይላላል። ከዚያ መኪናው ይነሳል፣ ፍሬኑ ይፈታል፣ የኤቢኤስ ሴንሰር ካለ ይነቀላል፣ እግሩ በሙሉ ወጥቶ ፕሬሱ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሀቡ ይገፋል። አብዛኛውን ጊዜ የውስጠኛው ቀለበት ግማሹ ሀቡ ላይ ተጣብቆ ይወጣል፤ እሱን በግራይንደር ሊበጠስ ጥቂት እስኪቀረው ቆርጦ በመሮ አንድ ጊዜ መምታት ይበቃል። የሀቡ አንገት መነካት የለበትም። መብራት ከሌለ ሥራው የመጎተቻ መሣሪያና የትዕግሥት ይሆናል። ቀጥሎ በጎድጓዱ ውስጥ የተቀመጠው ማቆያ ቀለበት በፒንሳ ይወጣል። ይህን ቀለበት ረስቶ ኩሽኔታውን መግፋት የጀማሪ ሁሉ ፈተና ነው፤ ፕሬሱ የማይችለው ስለሌለ ይገፋል፣ የሚሰነጠቀው እግሩ ነው።

በዝገት የተያዘ አሮጌ ኩሽኔታ ሲላቀቅ እንደ ተኩስ ይጮኻል። ስለዚህ መነጽር ግዴታ ነው፤ ሠሪውም ከጎን ይቁም እንጂ ከፊት አይቁም። ከፕሬሱ ጋር የሚመጡት የብረት ድጋፎች አንዳንዴ ተሰባሪ ስለሆኑ ስንጥቅ ካላቸው መጣል አለባቸው። ሰፈር ውስጥ ከቻነል ብረት በብየዳ የሚሠራ ፍሬምም ይቻላል፤ ነገር ግን ብየዳው ጥልቅ፣ አግዳሚው ወፍራም መሆን አለበት። ተራ ክሪክ ተገልብጦ አይሠራም፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በሞላ የተያዘውን ተንቀሳቃሽ ሰሌዳ እንዲገፋ ተደርጎ ይሠራል። ለትንንሽ መኪና 12 ቶን ብዙውን ሥራ ይጨርሳል፤ ግትሩን ለማውጣት 20 ቶን ያለው አይጨነቅም። ፕሬስ የሌለው ሰው ረጅም ባለጥርስ ዘንግና ወፍራም ቀለበቶች ያሉትን መጎተቻ ተጠቅሞ እግሩ መኪናው ላይ እንዳለ መሥራት ይችላል፣ ላቡ ግን ብዙ ነው።

አዲሱን ለማስገባት ሙቀት ትልቅ ረዳት ነው፤ ካርቱም ለዚህ ብቻ ትመቻለች። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ከርዝመቱ ሚሊዮን እጅ 12ቱን ያህል ይለጠጣል ወይም ይሸማቀቃል። 70 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ኩሽኔታ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ባለ ፍሪዘር አድሮ፣ 40 ዲግሪ በሞቀ ግቢ ውስጥ ወዳለ እግር ሲመጣ የ58 ዲግሪ ልዩነት አለ። ይህ 0.05 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ኩሽኔታውን ጠብቆ የሚይዘውም የዚያው መጠን ቢጤ ጥበት ነው። ፍሪዘር ከሌለ በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ በረዶ ውስጥ መቅበርም 0.03 ያህል ያተርፋል። እግሩን በፀሐይ ማሞቅ ጥሩ ነው፤ ኩሽኔታውን ግን በእሳት መለብለብ ክዳኑንና ግራሶውን ይገድላል። መቀመጫው በደቃቅ ሸራ ጸድቶ ስስ ዘይት ይቀባል። ለመግፊያ የሚሆነው አሮጌው የውጪ ቀለበት ነው፤ ዙሪያውን ጥቂት ሞርዶ ካሳነሱት እዚያው ተቀርቅሮ አይቀርም። ኤቢኤስ ባላቸው ብዙ መኪኖች የኩሽኔታው አንዱ ክዳን መግነጢሳዊ ስለሆነ ደቃቅ የብረት ብናኝ ይስባል፤ ያ ወገን ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት፣ አለዚያ ሁሉም ነገር ተገጥሞ ካለቀ በኋላ የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል።

እዚህ አገር ቤት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎች ይህ ሁሉ ጣጣ የቀረላቸው ይመስላቸዋል። ነገር ግን የሞተሩ ዝም ማለት የኩሽኔታውን እምምታ ይበልጥ ያሰማል፤ የባትሪው ክብደትም የሚያርፈው በእነዚሁ ቀለበቶች ላይ ነው። በብዙዎቹ ላይ ኩሽኔታው ከሀቡ ጋር አንድ ሆኖ በብሎን ስለሚታሰር ፕሬስ ላያስፈልግ ይችላል።

ወደ ፕሬሱ ሥራ ስንመለስ፣ መገጣጠሙ ሲያልቅ የመሃሉ ዳዶ አዲስ ይሁን። መኪናው ክብደቱን ሳይጥል ዳዶው መጠበቅ አለበት፤ ላላ ባለ ኩሽኔታ ላይ መኪናውን መግፋት እንኳ ይጎዳዋል። ጥብቀቱ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል፣ መጽሐፉን ማየት ነው፤ ብዙዎቹ 200 ኒውተን ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ይህም 1 ሜትር ርዝመት ባለው ዘንግ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ እንደ መጫን ነው። ከዚያ የዳዶው ከንፈር በመሮ ወደ አክስሉ ጎድጓድ ይታጠፋል። ከመጀመሪያው አጭር ጉዞ በኋላ የሁለቱን ጎማዎች መሃል በእጅ ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ አዲሱ ከጎረቤቱ በግልጽ ከጋለ መኪናው ወደ መንገድ ሳይወጣ እንደገና ይፈታል።