ከክንፍ ጫፍ የሚያመልጠው አየር በአውሮፕላን ጭነት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

ኮምፕሬሰር ሲባል ለብዙው ነጋዴ ትዝ የሚለው በጎሚስታ ቤት ጎማ የሚነፋው መሣሪያ ነው። ነገር ግን አበባና ሥጋ ወደ ውጭ አገር የሚልክ፣ መድኃኒትና መለዋወጫ ዕቃም የሚያስመጣ ነጋዴ ንብረቱን በአየር ባስጫነ ቁጥር አደራ የሚጥለው በሌላ ዓይነት ኮምፕሬሰር ላይ ነው፤ ይኸውም በጄት ሞተር ውስጥ የሚገኘው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹን የቦይንግ 720 ጄቶች ከተረከበ ወዲህ፣ ይህ ጉዳይ የአገራችንንም ንግድ የሚነካ ሆኗል።

የጄት ኮምፕሬሰር በተርታ የተሰለፉ ትናንሽ የብረት ክንፎች ያሉት ነው። ክንፎቹ በብርቱ ፍጥነት እየዞሩ አየሩን ወደ ኋላ ይገፉታል፤ በዛሬዎቹ ትላልቅ ሞተሮች ግፊቱ ከ40 እጥፍ በላይ ያድጋል። አየር በተፈጥሮው ከብዙ ግፊት ወደ ጥቂት ግፊት የሚሄድ ስለሆነ፣ ይህ ሥራ ጭነት ተሸክሞ አቀበት እንደ መውጣት ነው።

የሚዞረው ክንፍ የሞተሩን ግድግዳ እንዳይነካ በጫፉና በግድግዳው መካከል ጥቂት ክፍተት መተው ግድ ነው። ክፍተቱ በኋለኞቹ ተርታዎች ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ሆኖም ግፊቱ ከበዛበት የክንፉ ፊት ግፊቱ ወዳነሰበት ጀርባ አየር በዚያ ያመልጣል፤ ያመለጠውም አየር እየተጠቀለለ አዙሪት ይሆንና የዋናውን አየር መንገድ ያጠብባል። ክፍተቱ ከክንፉ ቁመት 1 በመቶ ያህል ሲጨምር፣ የኮምፕሬሰሩ ብቃት በግምት ከ1 እስከ 2 በመቶ ይቀንሳል። የኋለኞቹ ክንፎች አጫጭር በመሆናቸው፣ ያው ክፍተት በእነርሱ ላይ ጉዳቱ የበረታ ነው።

ግፊቱ እየበዛ፣ የሚያልፈውም አየር እያነሰ ሲሄድ፣ አዙሪቱ ወደ ክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ይጠጋል። በመጨረሻም አየሩ ከክንፉ ይላቀቃል፤ ይህም ስቶል ይባላል። ኤመንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1955 እንዳስረዱት፣ አንዱ መተላለፊያ ሲዘጋ አየሩ ወደ ጎረቤቱ ይገፋና ያንኑም ያሰናክለዋል፤ ስለዚህ ስቶሉ ከክንፍ ወደ ክንፍ ይዞራል። ነገሩ ሲብስ መላው አየር ወደ ፊት ይመለሳል፤ ሞተሩም እንደ መድፍ ይጮኻል። ይህ ሰርጅ የተባለው ነው።

ሞተር በሥራ ብዛት ሲያረጅ ክንፎቹ ግድግዳውን እየፋቁ ክፍተቱን ያሰፉታል። ያን ጊዜ ነዳጅ ይበዛል፤ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ከስቶል የሚጠብቀውም ርቀት ያጥራል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በመሆኑም በዚያ ለሚነሣ አውሮፕላን የደከመ ሞተር ጭነት መቀነስን ያስከትላል። ሞተሩ ለእድሳት ሲወርድም፣ አበባው በመጋዘን ውስጥ ሆኖ አውሮፕላን ይጠብቃል።

ባለሙያዎች ግድግዳውን ክንፉ ቢነካው ያለ ጉዳት በሚፋቅ ልባስ ይሸፍናሉ፤ በግድግዳውም ላይ ቦዮች ይቀርጻሉ፤ በአነስተኛ ፍጥነት ጊዜ ትርፉን አየር የሚያወጡ ቫልቮችም ያኖራሉ። ይህ ሁሉ ወጪ በመጨረሻ በጭነት ዋጋ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ነጋዴው የጭነት ውል ሲዋዋል ዋጋውን ብቻ ሳይሆን፣ በረራ ቢሰረዝ ምትክ አውሮፕላን መኖሩንና ለሚበላሽ ዕቃ ኃላፊው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።