ካፒታልስ ከኋላ ምን ይዟል?

የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ የ2025-26 ውድድር ሊጀመር ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። የዋሽንግተን ካፒታልስ ደጋፊ ወሬው ዘንድሮም አሌክሳንደር ኦቬችኪን ነው። አይፈረድበትም። ሰውዬው ባለፈው መጋቢት 28 የዌይን ግሬትዝኪን የ894 ጎል ክብረ ወሰን ሰብሮ ዓመቱን በ897 ጨርሷል፤ ኮንትራቱም የሚያበቃው ዘንድሮ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከእሱ ጀርባ የሚቆሙት ናቸው።

ምክንያቱም ያለፈው ዓመት አጨራረስ አልተረሳም። ቡድኑ በ111 ነጥብ የምሥራቁን ምድብ በአንደኝነት አጠናቀቀ፣ ሞንትሪያልን 4 ለ 1 አሰናበተ፣ ከዚያ በካሮላይና በዚያው 4 ለ 1 ተሸኘ። በአምስት ጨዋታ ያገባው 7 ጎል ብቻ! ሁሉም ጣቱን አጥቂዎቹ ላይ ቀሰረ። ኧረ ቆይ፣ አጥቂ እኮ ፐኩ ሲደርሰው ነው የሚያገባው። ካሮላይናዎች ካፒታልስን ገና ከራሱ በር ሳይወጣ እያነቁ አስቀሩት። ተከላካይ ማለት ደግሞ መምታትና ማገድ ብቻ አይደለም፤ ተጭነው ሲመጡበት ሳይደናገጥ ፐኩን ለጓደኛው ማድረስ ነው። የገና ጨዋታ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ሩሯን ከግርግሩ መሐል ይዞ የሚወጣው ነው ጀግናው።

በአንድ ጨዋታ ስድስት ተከላካዮች ይሰለፋሉ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይፈራረቃሉ። ጥያቄው እንግዲህ የትኞቹ ስድስት፣ ማንስ ከማን ጋር የሚለው ነው።

ያለ ክርክር የሚገባው ጃኮብ ቺክረን ነው። በ2024 ክረምት ከኦታዋ ሲመጣ የተከፈለበት ኒክ ጄንሰንና አንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ነበር፤ ዛሬ ሲታይ ርካሽ ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ 20 ጎል አገባ፤ ለተከላካይ ብርቅ ነው። ክለቡም ሳይቆይ የስምንት ዓመት፣ የ72 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት አስፈረመው። ከዘንድሮ ጀምሮ በዓመት 9 ሚሊዮን ይታሰብለታል። እንዲህ የሚከፈለው ሰው ጎል ብቻ ይዞ መምጣት አይበቃውም። ካሮላይናን የመሰለ ቡድን ሲያጨናንቀው መውጫውን እሱ ነው ማግኘት ያለበት።

ጆን ካርልሰን ጋ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በ2018 ዋንጫውን ካነሱት አንዱ ነው። በታኅሣሥ 2022 የተመታ ፐክ ጭንቅላቱን ሰንጥቆት ለወራት ከሜዳ ርቋል። ተመልሶ በቀጣዩ ዓመት 82ቱንም ጨዋታ ተጫወተ፣ ያውም በአማካይ 26 ደቂቃ ገደማ። አምና ደግሞ 51 ነጥብ ሰበሰበ፤ ተጋጣሚ በቅጣት ሰው ሲጎድልበትም ማጥቃቱን ከኋላ ሆኖ የሚመራው እሱ ነው። ታዲያ ምን ጎደለው? ዕድሜ። ጥር ላይ 36 ይሞላዋል። ፐክ ሲይዝ አሁንም ንጉሥ ነው፤ ፈጣን አጥቂ ከጎኑ ሲያመልጠው ግን ዞሮ መድረስ እያቃተው መጥቷል። እኔ ብሆን የማጥቃቱን ሥራ ትቼለት ከመከላከሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ እቀንስለት ነበር። አሰልጣኝ ስፔንሰር ካርቤሪ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተብለው የተሸለሙት እንዲህ ያለውን ልክ ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

የተቀነሰው ደቂቃ ለማን ይሰጥ? ለማርቲን ፈሄርቫሪ። ስሎቫኩ ጎበዝ ስሙ አይጮህም። አምና ሊጉ ሊጠናቀቅ ሲል ጉልበቱን ተጎዳና ዋንጫው ፍልሚያ አመለጠው። በቦታው የገባው አሌክሳንደር አሌክሴዬቭ አሁን ወደ ፒትስበርግ ሄዷል። ክለቡ ግን የፈሄርቫሪን ዋጋ አልሳተም፤ በሐምሌ ወር የሰባት ዓመት፣ የ42 ሚሊዮን ዶላር ውል አራዘመለት። ሰው ጎድሎ ሲከላከሉ ደግሞ ያለ እሱ አይሆንም።

ማት ሮይና ራስሙስ ሳንዲን ብዙ አያከራክሩም። ሮይ ቀኙን በዝምታ ይዘጋል፤ ሳንዲን ፐክ ማውጣት ይችላል፣ አንዳንዴ አጉል ይደፍራል እንጂ። ትሬቨር ቫን ሪምስዳይክ 34 ዓመቱ ቢሆንም ሦስተኛው ጥንድ ላይ አይታማም። ሰኔ ላይ ከሚኒሶታ የመጣው ዴክላን ቺዝሆልም ሰባተኛ ሆኖ ይጀምራል፤ ሳንዲን ከቀበጠ ግን ቦታው ሩቅ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው አንድ ነገር ቆጥሬ የደነገጥኩት። ከሰባቱ በቀኝ እጅ የሚመቱት ሦስት ናቸው፦ ካርልሰን፣ ሮይና ቫን ሪምስዳይክ። የሁለቱ ኮንትራት በመጪው ክረምት ያበቃል። ማለት፣ ከስምንት ዘጠኝ ወር በኋላ የቀኙ መስመር ሮይ ብቻውን ሊቀር ይችላል። ቺክረን በግራ እጁ እየመታ ቀኝ መጫወት ቢችልም ማስታገሻ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ኮል ሀትሰን በዓለም የወጣቶች ሻምፒዮና ነጥብ በመሰብሰብ ሁሉንም የበለጠ ድንቅ ልጅ ነው። እሱም ግን ግራ ነው! በቀኝ የሚመታው ራያን ቼስሊ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቱ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል ብዬ አልወራረድም።

ስለዚህ የካርልሰን ጉዳይ የዘንድሮ ብቻ አይደለም። ኮንትራቱን ያራዝሙለት? በስንት? ለ36 ዓመት ሰው ረጅም ውል መስጠት ያስፈራል፤ መሸኘት ደግሞ ቀኙን ባዶ ያስቀራል። የክፍያው ጣሪያ ዘንድሮ 95.5 ሚሊዮን ዶላር መድረሱ ትንሽ ያስተነፍሳል። በእኔ ግምት የአንድ ዓመት ውል ቢያቀርቡለት ይበጃል፣ እስከ ጥር ያለውን አቋሙን ካዩ በኋላ።

የመጀመሪያው ጨዋታ መስከረም 28 ከቦስተን ጋር ነው። ዲሲ ያላችሁ፣ በተለይ በዚያ ምሽት በአረናው ዙሪያ ታክሲ የምትይዙ ወገኖች፣ ትራፊኩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጨዋታውን የምታዩት ደግሞ ኦቬችኪንን ትታችሁ ለአንድ ዙር 74 ቁጥርን ተከተሉ፤ ስንት ጊዜ እንደሚገባና ማን ጎን እንደሚቆም።