አዲስ የገባ ዓሣ ሲጨነቅ፦ ጥፋቱ የውኃው ነው ወይስ የሕመም?

ዓሣ ሲያመው አይጮኽም፤ አያቃስትምም። በመሆኑም ዓሣን ከአንድ ውኃ ወደ ሌላ ያዛወረ ሰው፣ የባሕር ዓሣን በጨው ውኃ አኳሪየም የሚያኖርም ሆነ የቆሮሶ ጫጩት በኩሬ የሚያረባ፣ ዋነኛ መሣሪያው ዓይኑ ነው። ዓይን ግን ምን እንደሚያይ ካላወቀ ያሳስታል። በዚህ ሥራ ብዙ ዓሣ የሚፈጀው ስሕተት፣ ውኃው ጎድሎበት የተጨነቀውን ዓሣ «ታሟል» ብሎ መድኃኒት መጨመር ነው። ለምሳሌ ለጥገኛ ተውሳክ የሚታዘዘው ፎርማሊን ራሱ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይቀንሳል፤ አየር ላጠረው ዓሣ ማለት ነው።

የፊዚክስ መምህር ስለ ዓሣ ሕመም ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ከችግሩ እኩሌታው የሙቀት፣ የግፊትና የጋዝ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ይህንንም ለማየት ከባሕር ይልቅ ለእኛ የሚቀርበውን ቆላ እንመርጣለን። በአብርሃ ጅራ አካባቢ በሰሊጥና በማሽላ ማሳው አጠገብ ኩሬ የቆፈረ አንድ ገበሬ፣ ከጣና ዳር የቆሮሶ ጫጩት በላስቲክ ከረጢት አስጭኖ በጎንደርና በሳንጃ በኩል አወረደ እንበል። መኪናው ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በታች ይወርዳል።

ውኃ የሚይዘው የኦክስጅን መጠን ሙቀት ሲጨምር ይቀንሳል፤ የአየር ግፊት ሲጨምር ደግሞ ይጨምራል። በባሕር ወለል ላይ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ጨው አልባ ውኃ በሊትር 8.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በጣና ከፍታ ግፊቱ ወደ 81 በመቶ ስለሚወርድ ይህ ወደ 7 ሚሊግራም ይቀንሳል። ወደ ቆላው ስንወርድ፣ በ700 ሜትር ከፍታ ግፊቱ 92 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ውኃው ግን 30 ዲግሪ ቢደርስ የሚይዘው መጠን እንደገና ያው 7 ሚሊግራም ያህል ሆኖ ይገኛል። ግፊቱ የሰጠውን ሙቀቱ መልሶ ወሰደው ማለት ነው። እዚህ ላይ «ታዲያ ዓሣው ምን ጎደለበት?» ማለት ያስኬዳል። የጎደለው በዓሣው በኩል ነው፤ የዓሣ ሰውነት ሙቀት የውኃው ሙቀት በመሆኑ፣ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የኦክስጅን ፍላጎቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። አቅርቦቱ ባለበት ቆሞ ፍላጎቱ አደገ። ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ዓሣ በመሆኑ 30 ዲግሪ ብቻውን አይገድለውም፤ ጭንቁ የሚመጣው መጨናነቅ፣ የመንገድ ድካምና የደፈረሰ ውኃ ሲጨመሩበት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት አተነፋፈስ ነው። ዓሣው ባለበት ረጋ ሲል የስንጥቡ ክዳን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ መቁጠር ይቻላል፤ ሰዓት ያለው ሁሉ የሚሠራው ልኬት ነው። ከጉዞ በፊት የተቆጠረ ቁጥር ካለ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ቀጥሎ የሚጠየቀው «ስንቱ ዓሣ?» የሚል ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን በውኃው ገጽ ላይ ካንቀሳቀሱ ጥፋቱ በአመዛኙ የውኃው ነው። ሰዓቱም ይናገራል። በኩሬ ውስጥ ያሉ አረንጓዴ ዋቅላሚዎች ቀን ኦክስጅን ያመነጫሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም ይተነፍሳሉ። የኦክስጅኑ መጠን ከሁሉ የሚያንሰው ጎሕ ሲቀድ በመሆኑ፣ ንጋት ላይ የሚያጣጥርና እኩለ ቀን ላይ የሚያገግም መንጋ የሚፈልገው መድኃኒት ሳይሆን አየር ነው፤ ውኃውን ማናወጥ፣ ንጹሕ ውኃ መጨመርና መኖ ማቆም።

የቆላው ሰው ይህን ጠባይ ከጥንት ያውቀዋል ብንል አናጋንንም። በመተማ አቅራቢያ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኘውና ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት የወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ የኖሩ ሰዎች በበጋ ከወንዙ የቀሩ ኩሬዎች ዓሣ ይይዙ ነበር። እየጠበበ በሚሄድና በሚሞቅ ውኃ የተጨናነቀ ዓሣ ለመያዝ እንደማያስቸግር መገመት አያዳግትም።

ሌላው የውኃ ጥፋት ከከረጢቱ ይመጣል። ዓሣው በጉዞ ላይ ሳለ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሞኒያ ያስወጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውኃውን አሲዳማ ስለሚያደርገው አሞኒያው ብዙም በማይጎዳው አሞኒየም መልክ ይቆያል። ከረጢቱ ሲከፈት ጋዙ ያመልጣል፤ ፒኤቹ ይወጣል፤ በ1 በጨመረ ቁጥርም መርዛማው የአሞኒያ ድርሻ 10 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሙቀቱም ያግዘዋል። እንግዲህ ከረጢቱን እንደ ታሰረ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በኩሬው ላይ በጥላ ሥር አንሳፎ ሙቀቱን ማመጣጠን፣ ከተከፈተ በኋላ ግን በአሮጌው ውኃ ውስጥ አለማቆየት ይገባል። ሚዛኑን ስቶ የሚሽከረከር፣ ስንጥቡ የቀላና የተቃጠለ የሚመስል ዓሣ በዚያው ቀን ከታየ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ይኸው አሞኒያ ነው።

የጨው ውኃ አኳሪየም ሕጉ ያው ሲሆን ልኩ ይጠብቃል። በ25 ዲግሪ ጨው አልባ ውኃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ የባሕር ውኃ ግን 6.7 ገደማ ብቻ ይይዛል። በኦስሞሲስም ምክንያት የባሕር ዓሣ ያለማቋረጥ ውኃ ከሰውነቱ ይወጣበታል፤ ቆሮሶ በተቃራኒው ውኃ ይገባበታል። በጭንቀት ጊዜ ስንጥቡ ይበልጥ ስለሚያሳልፍ ሁለቱም ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ተጨማሪ ጉልበት ያወጣሉ። ለጨው አልባ ውኃ ዓሣ በጉዞ ውኃው ላይ ጥቂት ጨው የሚጨመረው ይህን ሸክም ለማቅለል ነው።

እውነተኛው ሕመም አመጣጡ ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን አይታይም፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓሣ ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ይዛመታል። ዓሣው ከመንጋው ይነጠላል፤ ክንፎቹን ወደ ሰውነቱ ያጣብቃል፤ መኖ ይተዋል፤ ጎኑን ከድንጋይ ወይም ከኩሬው ወለል ጋር ያሻሻል። በቆዳው ላይ የጨው ቅንጣት የሚመስሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ከወጡ «ነጭ ነጠብጣብ» የተባለው ተውሳክ ነው፤ በመንገድ በተጫረ ቁስል ላይ እንደ ጥጥ የሚበቅለው ግን ሻጋታ ነው። የነጭ ነጠብጣቡ ተውሳክ በዓሣው ቆዳ ሥር ሳለ መድኃኒት አያገኘውም፤ የሚጠቃው ወጥቶ በውኃው ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አክሞ መተው የማይበቃው ለዚህ ነው። በባሕር ውኃ የሚገኘው አምሳያው በገንዳው ወለል ላይ ሸፍኖ ለሳምንታት መቆየት ስለሚችል፣ ጠንቃቃ አኳሪየም ያዦች አዲሱን ዓሣ አራት ሳምንትና ከዚያም በላይ ለብቻው ያቆያሉ።

ሁለቱ ሁልጊዜ ተለያይተው አይመጡም። የተጨነቀ ዓሣ ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ጭንቀቱ ከረዘመ ይኸው ሆርሞን የመከላከል አቅሙን ያዳክማል። የዛሬው የኦክስጅን እጥረት በሚቀጥለው ሳምንት ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። የሚያደናግርም ሁኔታ አለ፤ ተውሳኩ ስንጥብ ላይ ብቻ ሲያርፍ ቆዳው ንጹሕ ሆኖ ዓሣው ያለከልካል። እንዲህ ያለው ዓሣ ውኃው አየር ካገኘ በኋላም፣ በእኩለ ቀንም፣ አተነፋፈሱ አይረጋም። ያን ጊዜ ስለ መድኃኒት ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው፤ በባሕር ዳርና በሰበታ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከላት አሉ።

የማቆያውን ውኃ ወደ ወንዝ መድፋት ግን አይገባም። የጓንግና የአንገረብ ውኃ ወደ አትባራ የሚወርድ ነው፤ ከአንድ ገንዳ የወጣ ተውሳክም ከክረምቱ ጎርፍ ጋር አብሮ ይጓዛል። ከወንዝ ርቆ በደረቅ መሬት ላይ ይፍሰስ፤ መረቡና ባልዲውም እንደገና ከመግባታቸው በፊት በፀሐይ ይድረቁ።