ፈር መያዝ፤ ያለ መሣሪያ በሰፊ ሸራ ላይ መንደፍን ስለ መማር

በሰፊ ሸራ ላይ ያለ ማስመሪያና ያለ መለኪያ፣ በእጅና በዐይን ብቻ መንደፍ ከልደት የሚገኝ ስጦታ እንጂ በትምህርት የሚገኝ ሙያ አይደለም የሚል አስተያየት በተማሪዎቻችን ዘንድ ተዘውትሮ ይሰማል። ይህ አስተያየት ሁለት ጉዳት ያመጣል። አንደኛ፣ ስጦታው የለኝም የሚለውን ተማሪ ገና ሳይጀምር ተስፋ ያስቈርጠዋል፤ ሁለተኛም የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን በብዙ ልምምድ ያገኙትን ዕውቀት እንደ ዕድል ቈጥረን ሳንመረምረው እንድናልፍ ያደርገናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህ ሙያ ሥርዐት ያለው ትምህርት መሆኑን ነው። ማስረጃውንም ከሁለት ስፍራ እንወስዳለን፤ አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ ሁለተኛውም፣ ምናልባት አንባቢ ያልጠበቀው፣ የቆቦ ገበሬ እርሻ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሰፊ ስፍራ መሙላት የጀመረው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በላስታ፣ ከላሊበላ አቅራቢያ ባለችው በገነተ ማርያም፣ ከዐፄ ይኵኖ አምላክ ዘመነ መንግሥት (1270–1285 እ.ኤ.አ.) የቈዩ የግድግዳ ሥዕሎች ይገኛሉ። በኋለኛው ዘመን ደግሞ የጥጥ ጨርቅ በግድግዳ ላይ እየለጠፉ መሳል ተስፋፋ። በክብ ቤተ ክርስቲያን መካከል ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚቆመው የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በእንዲህ ያለ ጨርቅ የተሸፈነበት ስፍራ ብዙ ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ የጐንደር አባ እንጦንዮስን ሥዕሎች ወደ ፓሪስ ለመውሰድ የቻለው በጨርቅ ላይ ስለ ነበሩና ከግድግዳው ሊላቀቁ ስለ ቻሉ ነው። ስፋታቸው 60 ካሬ ሜትር ያህል ነበር። በምትካቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ የሠራቸው ግልባጮች ተሰቀሉ።

እንዲህ ያለውን ስፋት ለመሙላት የሚነሣ ሰው ሁለት ችግር ይገጥመዋል። የመጀመሪያው የእጅ ችግር ነው። ሠዓሊው አርአያ አድርጎ የሚይዘው ሥዕል ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ለምሳሌ ያህል በሮማ በ1590 እና በ1591 እ.ኤ.አ. በዐረብኛ የታተመው ወንጌል፣ አንቶንዮ ቴምፔስታ የነደፋቸውን ሥዕሎች የያዘው፣ በ17ኛው ምዕት ዓመት ለኢትዮጵያ የብራና ሠዓሊዎች አርአያ ሆኖ አገልግሏል። በብራና ላይ አንድ ስንዝር የማይሞላውን ምስል ጣትና አንጓ ይሠሩታል። ያው ምስል አራት ወይም አምስት ክንድ በሚሆን ጨርቅ ላይ ሲነደፍ ግን ጣት አይበቃም፤ መስመሩ ከትከሻ መነሣት አለበት፤ ወገብም እግርም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ሁለተኛው የዐይን ችግር ነው። በሸራው አጠገብ የቆመ ሰው የሚያየው ከፊቱ ያለውን ክፍል ብቻ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱን ክፍል በደንብ ሠርቶ ሳለ መላው አካል ሊጣመምበት ይችላል።

ይህን የዐይን ችግር የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በራሱ ላይ ደርሶበት ያውቀዋል። በውጭ አገር ሲማር፣ ቁመቱ ከሰው በሚበልጥ ሸራ ላይ የቆመ ሰው እንዲነድፍ ታዘዘ። ከራስ ጀምሮ በጥንቃቄ ወደ ታች ሲወርድ፣ ጕልበቱ ላይ ሲደርስ ሸራው አለቀ። መምህሩ አንድም ነገር ሳይናገር ሸራውን ገልብጦ እንደ ገና እንዲጀምር አደረገው። የስሕተቱ ምክንያት የተገለጠለት ግን በዚያ ትምህርት ቤት ሳይሆን ከዓመታት በኋላ በቆቦ ሜዳ ነው።

ቆቦ ከወልድያ በስተ ሰሜን፣ በምዕራብ ከላስታ ተራሮች፣ በምሥራቅ ከዞብል ተራራ መካከል በተዘረጋው በራያ ቆላ የምትገኝ ከተማ ናት። በማሽላውና በጤፉ ሜዳ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ገበሬ ገመድ አይዘረጋም፤ ችካልም አይተክልም። ሆኖም የመጀመሪያው ፈር ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እርፍ ይዘን ሞክረን ፈሩ እንደ እባብ በተጥመለመለ ጊዜ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ “ልጄ፣ ማረሻውን አትመልከት፤ ማረሻው መሬቱን ያውቃል። አንተ የምትደርስበትን ዛፍ ተመልከት” አሉን። በሁለተኛው ሙከራ ፈሩ ፍጹም ባይሆንም ተቃና።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዐይን በማረሻው ጫፍ ላይ ሲተከል እያንዳንዷን ትንሽ መዛነፍ ለማቃናት እጅን ያስቸኵላል፤ እጅም ከመጠን በላይ ያርማል። ዐይን በመድረሻው ላይ ሲያርፍ ግን መላው ሰውነት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። በሸራ ላይ የምንሰናከለውም የከሰሉን ጫፍ ስለምንከተል ነው።

የዚያው አገር ገበሬ ሌላም ትምህርት ይሰጣል። ክረምት ሲገባ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን የሆርማትን፣ የጎሊናንና የሌሎችን ወንዞች ጎርፍ በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ ጠልፎ በቦይ ወደ እርሻው ይመራዋል። የመሬቱን ዘቅዛቃነት የሚለካው በዐይኑ ነው። ቦዩ በጣም ከዘቀዘቀ ጎርፉ አፈሩን ሸርሽሮ ይወስደዋል፤ ከተንጋለለም ደለሉ ይደፍነዋል። ስለዚህ ገበሬው ጥቂት ይቈፍራል፣ ወደ ኋላ ሄዶ መላውን ይመለከታል፣ ደግሞ ይቈፍራል። የገበሬው ፈታኝ ጎርፉ ነው፤ ነዳፊው ግን እንዲህ ያለ ፈታኝ ስለሌለው ራሱ ወደ ኋላ እየራቀ ሥራውን መፈተን ይገባዋል።

ቋንቋችንም ይህን ዝምድና ያውቀዋል። ትልም የማረሻ መስመር ነው፤ ደግሞም የሚታሰብ ሥራ ዕቅድ ነው። አስቀድሞ መንገድ ያሳየውን ሰው ፈር ቀዳጅ እንለዋለን፤ ሥርዐት የለቀቀውንም ፈር ሳተ እንላለን።

ከዚህ በመነሣት የትምህርቱን ቅደም ተከተል እንዲህ ማድረግ ይቻላል። አስቀድሞ ተማሪው ክንዱን ዘርግቶ ከሸራው ርቆ ይቁም፤ ከሰሉንም እንደ ብዕር ሳይሆን ከጫፉ ራቅ አድርጎ ይያዝ። ቀጥሎ ዳርቻዎቹን፣ ማለትም የራስን አናት፣ የእግርን ጫማና የትከሻን ስፋት፣ በነጥብ ያመልክት፤ ይህ እንደ ገበሬው ዛፍ መድረሻ ይሆነዋል። እነዚህንም በራሱ ስንዝርና ክንድ ያመዛዝን፤ ከሰውነቱ የማይለይ መለኪያ ነውና። ከዚያ መስመሩን ከትከሻው አንሥቶ፣ ዐይኑን በመድረሻው ላይ አድርጎ፣ ሳያቋርጥ ይሳብ። ከጥቂት መስመር በኋላም ወደ ኋላ ርቆ ይመልከት። የተሳሳተውን መስመር ወዲያው አይደምስስ፤ ትክክለኛውን ከጎኑ ይሳብ፤ ምን ያህል እንደ ሳተ የሚያውቀው ሁለቱን ሲያስተያይ ነው።

ይህን ስንል መሣሪያን ለመንቀፍ አይደለም። የኤውሮጳ ሠዓሊዎች ትንሹን ንድፍ በአራት ማዕዘን ከፋፍለው ወደ ሰፊው ግድግዳ ያሻገሩበት ዘዴ ትልልቅ ሥራዎችን አስገኝቷል። ነገር ግን መሣሪያው የመስመሩን ስፍራ ያሳያል እንጂ ለመስመሩ ሕይወት አይሰጥም። እጁ ሳይማር ወደ መሣሪያ የሄደ ተማሪ፣ ስፍራው ልክ የሆነ፣ ነገር ግን የሚንቀጠቀጥ መስመር ያወጣል።

በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተ ሰብ ተወልደው በቺካጎ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ሁለቱም ትምህርቶች በአንድ ሰው ሊገናኙ እንደሚችሉ ሕይወታቸው ያስረዳል። ዛሬ ግን በማተሚያ የወጣ ሥዕል በርካሽ ስለሚገኝ፣ ከመምህር እጅ እያየ የሚማረው ደቀ መዝሙር እየቀነሰ ነው። ስለዚህ ለምርምር የሚወጣ ተማሪ ያለቀውን ሥዕል ፎቶግራፍ በማንሣት ብቻ ሊረካ አይገባውም። ሠዓሊው የት እንደ ቆመ፣ የትኛውን መስመር እንዳስቀደመ፣ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደ ራቀ ይመዝግብ። የአባ እንጦንዮስ ጨርቅ በፓሪስ ተጠብቆ ይገኛል፤ የነደፈው እጅ የተጓዘበትን መንገድ ግን ጨርቁ ብቻውን ሊነግረን አይችልም።