የፋብሪካ ጩኸትና የአባወራው ጆሮ

ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር በሚወስደው በጥንቱ የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ላይ ጀልዴሳ የታወቀች ማረፊያ ነበረች። ከባሕር ዳር ሸቀጥ ጭነው የመጡት ግመሎች ጭነታቸውን በዚያ ያራግፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሐረርን ዳገት የሚወጡት በቅሎዎችና አህዮች ናቸው። በዚህች መንደር ከሁሉ የሚበልጠው ድምፅ ምን ነበር ቢባል፣ የግመሎች ጩኸት፣ በአንገታቸው የሚንጠለጠለው የእንጨት ደወልና የነጋዴዎች ክርክር ነው። በ1895 ዓ.ም. ግን ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ መጣ። አስቀድሞ ወደ ሐረር ይወጣል ተብሎ ታስቦ ሳለ ተራራው ስላስቸገረ ከግርጌው ቆመና በዚያ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ጀልዴሳንም ሲራራው ጥሏት ሄደ። ከዚያ ወዲህ የዚያ አገር ሰው እንጀራውን ከብረት ድምፅ ጋር መብላት ጀመረ ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የባቡር መጠገኛው መዶሻ፣ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ መሸመኛ፣ የሲሚንቶው ድንጋይ መፍጫ እያንዳንዳቸው በተራቸው ለብዙ ቤተ ሰብ ጉርስና ልብስ ሆነዋል።

በዛሬው ጽሑፋችን ልናነሣው የፈለግነው ያ ድምፅ ከደመወዙ ጋር አብሮ ወደ ቤት ስለሚያስገባው ጉዳት ነው።

እንዲህ ያለ አባት በብዙ ቤት አለ። ዕድሜው ገና አምሳ አምስት ነው። ሚስቱ ከማድ ቤት ስትጠራው አይመልስም፤ እርስዋም «ንቆኝ ነው» ትላለች። ልጁ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲነግረው ነገሩን በከፊል ሰምቶ በከፊል ይገምታል፤ ግምቱም ሲስት ይቆጣል። ማታ ራዲዮው ከፍ ተደርጎ ይከፈታል፤ ጎረቤት ያጉረመርማል። ሰንበት በቤተ ክርስቲያን ካህኑ ሲያስተምሩ ድምፃቸውን ይሰማል፣ ቃሉን ግን አይለይም፤ ስለዚህም ቀስ በቀስ ከሰው ጨዋታ ይርቃል። ቤተ ሰቡ ጠባዩ ተለወጠ ይላል። የተለወጠው ግን ጠባዩ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት በሥራ ላይ የዋለው ጆሮው ነው።

ነገሩ ለሊቃውንት አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በቬኒስ ከተማ መዳብ ሲቀጠቅጡ የሚውሉ ሰዎች ጆሯቸው እየደነቆረ እንደሚሄድ ጽፎ ነበር። በኋላም የእንፋሎት ዘመን በመጣ ጊዜ፣ ቶማስ ባር የተባለ የግላስጎው የጆሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1886 የብረት ጋን የሚሠሩ 100 ሠራተኞችን መረመረ። ከመቶው ጤናማ የመስማት ኀይል ያለው አንድ ስንኳ አልተገኘም። የባቡርን እንፋሎት የሚይዘው ጋን የሚሠራውና የሚጠገነው በዚሁ ዓይነት መዶሻ እንደ ሆነ ስናስብ፣ የድሬዳዋ አዛውንት የባቡር ሠራተኞች ነገር ከግላስጎው የራቀ አይደለም።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ብናስረዳ መከላከያውን ማወቅ ይቀላል። በጆሮ ውስጠኛው ክፍል፣ ቀንድ አውጣ በሚመስል የአጥንት ጠመዝማዛ ውስጥ፣ 15,000 ያህል ረቂቃን ፀጉር ያላቸው ሕዋሳት ተሰድረዋል። ድምፅ ሲገባ ፀጉሮቹ ይወዛወዛሉ፤ ውዝዋዜውም ወደ አእምሮ መልእክት ሆኖ ይተላለፋል። ድምፁ ሲበረታ ነፋስ የመታው የጤፍ አዝመራ እንደሚጋደም ይጋደማሉ። ጥቂት ካረፉ ቀና ይላሉ፤ ከፋብሪካ የወጣ ሰው ማታ ጆሮው ጭው ብሎ አድሮ ጧት የሚሻለው ስለዚህ ነው። ነገር ግን በየቀኑ ሲጋደሙ ከዋሉ ይሰበራሉ፤ ይሞታሉም። የሞተው ሕዋስ በሰው ጆሮ ዳግመኛ አይበቅልም። መድኃኒትም ቀዶ ጥገናም አይመልሰውም፤ ለመስሚያ የሚደረገው መሣሪያ እንኳ ድምፅን ያጎላል እንጂ የጠፋውን ጆሮ አይተካም።

ከሁሉ የሚያታልለው ጉዳቱ የሚጀምርበት ቦታ ነው። መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹን ድምፆች የሚቀበሉት ሕዋሳት ናቸው። በአማርኛችን «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ከ»፣ «ጠ» የሚባሉት ፊደላት የሚለዩት በነዚህ ቀጫጭን ድምፆች ነው። ስለዚህ ሰውየው ሰው መናገሩን ይሰማል፤ «ሰፋ» ይባል፣ «ከፋ» ይባል፣ «ጠፋ» ይባል ግን አይለይም። «እሰማለሁ፣ እናንተ ግን አጥርታችሁ አትናገሩም» የሚለው እውነቱን ነው፤ ሐሰት የሚናገረው ጆሮው ነው። ሕመም የለውም፣ ደም የለውም፤ ስለዚህም ማንም ሐኪም ዘንድ አይሄድም።

እንግዲህ ጩኸቱ ስንት ሲሆን ነው የሚጎዳው? የድምፅ ኀይል የሚለካው ዴሲቤል በሚባል መለኪያ ነው። የሁለት ሰዎች ተራ ጨዋታ 60 ዴሲቤል ያህል ነው። አሜሪካዊው የሥራ ደኅንነት ተቋም ናዮሽ ያወጣው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት በእጥፍ ያድጋልና፣ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 አራት ሰዓት፣ በ91 ሁለት ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት፣ በ100 ደግሞ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ብረት የሚቆረጥበት ግራይንደርና ብዙ መሸመኛ የተደረደረበት አዳራሽ ወደዚህ ወደ መቶው ይጠጋሉ። መለኪያ የሌለው ሠራተኛ ደግሞ ይህን ይፈትን፤ በአንድ ክንድ ርቀት ላለ ጓደኛው ለመናገር መጮኽ ካስፈለገው፣ ስፍራው ጆሮን የሚጎዳ ነው።

መከላከያው ከጆሮ ይጀምራል ብለው ብዙዎች ያስባሉ። ትክክሉ ግን ከሞተሩ ይጀምራል። የሚንኳኳ ብሎን ይጥበቅ፣ ጥርሱ ዘይት ያግኝ፣ መኪናው የሚቆምበት መሠረት ላይ ጎማ ይነጠፍለት፣ ጩኸታሙ ከሌላው ሥራ በግድግዳ ይለይ። ይህ ለባለ ፋብሪካ ብቻ የሚነገር አይደለም። በገጠር ከተማ ያለውን የናፍጣ ወፍጮ ቤት ተመልከቱ። ሞተሩና ወፍጮው በአንድ ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ይታጎራሉ፤ ቆርቆሮው ጩኸቱን መልሶ ወደ ውስጥ ይወረውራል፤ ማርሚታው ከተቀደደ ደግሞ ወሩን ሙሉ የሚጠግነው የለም። ሞተሩን ለብቻው በሌላ ክፍል ማድረግና ማርሚታውን ማደስ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ልጅ አዝላ ተራ የምትጠብቅ እናትም ውጭ ብትቆም ለሕፃኑ ይሻላል፤ ባዶ ሜዳ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳልና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ ወደ ጆሮ መሸፈኛ ይመጣል። በጥጥ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው በእጁ ያገኘውን ጥጥ ጠቅልሎ ጆሮው ውስጥ ይከታል። ልማዱ ብልኀት ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ተራ ጥጥ ድምፅን እምብዛም አያስቀርም፤ የሚያስገኘው መተማመንን ብቻ ነውና እንዲያውም ይጎዳል። ለዚሁ የተሠራው ስፖንጅ መሳይ መወተፊያ ግን በንጹሕ እጅ እንደ ክር ይድቦለቦላል፤ በሌላው እጅ ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳባል፤ ከተከተተ በኋላ እስኪያብጥ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ይያዛል። የራስን ድምፅ ስትሰሙ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ከመሰላችሁ በሚገባ ገብቷል ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሠራተኛው እንዲያስተውለው እንለምናለን። መልካም መሸፈኛ 30 ዴሲቤል ያህል ያስቀራል እንበል። ያንን የሥራውን ጊዜ እኩሌታ ብቻ ያደረገው ሰው እኩሌታውን ማለትም 15 አተረፈ ይመስለዋል። ያተረፈው 3 ብቻ ነው። ጆሮው በተገለጠበት ጊዜ የገባው ጉልበት የቀረውን ጥበቃ ሁሉ ይበላዋልና። ስለዚህ ምቾት ያለውና ቀኑን ሙሉ የሚደረገው ተራ መሸፈኛ፣ ራስን አስጨንቆ በየጊዜው ከሚወልቀው ውድ መሸፈኛ ይበልጣል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አደጋው እንዲያስረዳ ያስገድዳል፤ ሠራተኛውም የተሰጠውን በአግባቡ እንዲጠቀም ያዝዛል። በሥራ መግቢያ የጆሮ ምርመራ ተደርጎ ወረቀቱ ቢቀመጥ፣ በየዓመቱም ቢደገም፣ ሕመሙ ከመታወቁ በፊት የመቀነሱ ምልክት ይታያል፤ ኋላ ካሳ ሲጠየቅም «ከድሮም እንዲሁ ነበርክ» የሚለው ክርክር ይቀራል። ለሳንባ ነቀርሳ ስትሬፕቶማይሲን፣ ለሌላም ሕመም ጄንታማይሲን የተወጋ ሰው ይህን ለሐኪሙም ለአለቃውም ይንገር፤ እነዚህ መድኃኒቶች በራሳቸው ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉና ጩኸት ሲጨመርባቸው ይብሳል።

ጩኸቱ ፋብሪካ ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡ ወጣቶች በገዛ ፈቃዳቸው በሚሰሙት ከፍተኛ ድምፅ ለጉዳት የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጧል። ልጃችን ጆሮው ውስጥ የሚሰካውን ማዳመጫ አጠገቡ ተቀምጠን ዘፈኑን ከሰማንለት፣ አባቱ በሠላሳ ዓመት ያጣውን እርሱ ቶሎ ሊያጣው ነው። ሠርግ ቤት ደግሞ ድምፅ ማጉያው በሕፃናት ራስ ትክክል ይቆማል። ስለ ቤተ ክርስቲያናችንም እንናገር ዘንድ ይፈቀድልን፤ በንግሥ ዕለት ሕፃን ያዘለች እናት ከድምፅ ማጉያው ሥር ስትቆም እናያለን። ማጉያው የተፈለገው በሩቅ ያለው እንዲሰማ እንጂ በቅርብ ያለው እንዲደነቁር አይደለምና፣ ከፍ ብሎ ቢሰቀልና አፉ ከሕዝቡ ራስ በላይ ቢያልፍ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱም ወጣቶች እናቶችን ወዲያ ፈቀቅ ቢያደርጉ መልካም ነው።

ጆሮው አስቀድሞ የተጎዳውስ አባት? እርሱን ከሩቅ፣ ከሌላ ክፍል፣ ወይም ጀርባችሁን ሰጥታችሁ አትጥሩት። ፊት ለፊቱ ቁሙ፤ ብርሃን በፊታችሁ ላይ ይሁን፤ ራዲዮውን ዝጉ፤ በዝግታ ተናገሩ እንጂ አትጩኹበት፤ ጩኸት ቃሉን ያዛባዋል። ያልሰማውን ያንኑ ቃል ደጋግሞ ከመናገር በሌላ ቃል መለወጥ ይሻላል። እርሱም «ምን አልሽ?» ብሎ ሲጠይቅ «ተወው፣ ምንም አይደል» ብላችሁ አትለፉት።