ያረጀ የጀልባ ሞተር እምቢ ሲል፤ ዕቃ ከመግዛት በፊት መመርመር

ከጉና ተራራ የሚመነጩት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሐይቅ ይፈስሳሉ፤ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ነጋዴም እንደ ወንዞቹ ሁሉ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይወርዳል። በጣና ላይ ከጥንት የታወቀው መጓጓዣ የደንገል ታንኳ ነው። በ1986 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሞተር ጀልባ ዓሣ ማጥመድ ከተጀመረ ወዲህ ግን ከጀልባ ኋላ የሚታሰረው የቤንዚን ሞተር የብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል። የእሳት አሰጣጡ ከአነስተኛው የቤንዚን ውሃ መሳቢያ ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ነገሩ የነፋስ መውጫን፣ የወገዳንና የመካነ ኢየሱስን ባለሱቅም ይመለከታል።

ያረጀ ሞተር ነፋስ በተነሣ ሰዓት በሐይቁ መካከል ቢቆም በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ያመጣል። ባለቤቱም ደንግጦ ወደ ሱቅ ሲሮጥ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ውዱን ዕቃ ነው፤ ጉድለቱ ግን ከአንዲት የዛገች ሽቦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ከርካሹ ተነሥቶ ወደ ውዱ መሄድ ይገባዋል።

በመጀመሪያ የማጥፊያው ገመድ በቦታው መሆኑ ይታይ። ቀጥሎ ካንዴላው ወጥቶ ይጠረግ፤ ከሽቦው ጋር እንደተያያዘ ብረቱ ከሞተሩ አካል ጋር ተነካክቶ ሞተሩ ይሳብ። ብርቱ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ጥፋቱ በቤንዚኑ በኩል ሳይሆን አይቀርም። ይህ ሲደረግ የፈሰሰ ቤንዚን አስቀድሞ ይጠረግ፤ ሽቦውም በባዶ እጅ አይያዝ።

ብልጭታ ከሌለ ወደ ማጥፊያው የሚሄደው ሽቦ ለጊዜው ይፈታ። ያን ጊዜ ብልጭታ ከመጣ ጥፋቱ በማጥፊያው ነው። ሽቦው እንደተፈታ ሞተሩ ቢነሣ ግን ማጥፊያው ስለማይሠራ፣ ቤንዚኑን ዘግቶ ለማጥፋት መዘጋጀት ያስፈልጋል። አሁንም ብልጭታ ከሌለ ከሞተሩ አካል ጋር የታሰሩት የሽቦ ጫፎች ተፈትተው ይፋቁ፤ እርጥበት ያዛጋቸዋልና።

በጥንቶቹ ሞተሮች ከመዘውሩ ሥር ፑንቲናና ኮንደንሰር ይገኛሉ። ፑንቲናው ከተቃጠለ ወይም ክፍተቱ ከተዛባ ብልጭታው ይደክማል፤ በብዙዎቹ ክፍተቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። በኋላ በመጡት ሞተሮች የፑንቲናውን ሥራ ሲዲአይ የተባለው ሣጥን ይሠራል። ይህ ውድ ስለሆነ ቦቢናዎቹ በመለኪያ ታይተው ከፋብሪካው መጽሐፍ ጋር ሳይነጻጸሩ አይለወጥ።

ባትሪ ያለው ሞተር ሲሆን፣ የሞላ ባትሪ በዕረፍቱ ጊዜ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ አለዚያም ጫፎቹ ዝገዋል። የባትሪውን ምሰሶዎች አገላብጦ ማሰር፣ ወይም ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን መፍታት፣ የመሙያውን ክፍል ያቃጥላል።

አስመጪም ከዚህ የሚማረው አለ። የኤቪንሩድ ሞተር ሥራ በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለቆመ፣ ያሉትን ሞተሮች በሕይወት የሚያቆየው የመለዋወጫ ዕቃ ነው። ማናቸውም ትዕዛዝ በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ይዞ ይላክ፤ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ኮንደንሰርና የማጥፊያ ገመድም ከመደርደሪያ አይጥፉ። በርካሽ ዕቃ ለሚድን ሞተር ሲዲአይ የሚሸጥ ባለሱቅ የአንድ ቀን ትርፍ ያገኛል፤ ደንበኛውን ግን ያጣል።