«ሪንግ ብቻ ቀይርልኝ»

ባለፈው ክረምት ከጉደር መስመር ተጎትታ የመጣችው ቮልስ እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣችም። ባለ 1,300 ሞተር ናት። ሪንግ ከተቀየረላት ብዙም አልቆየች፤ ግን ታጨሳለች፣ ዘይት ትጠጣለች፣ ዳገት ላይ ትለግማለች። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው። «ልጄ፣ ያስገቡልኝ ሪንግ ፎርጅድ ነው፤ ኦሪጅናሉን ግጠምልኝና ልሂድ» አሉኝ።

ሞተሩን አውርጄ ቴስታታውን ሳነሳ ሪንጉ ምንም አይወጣለትም፤ ኦሪጅናል ነው። ግን የሦስተኛው ፒስተን የላይኛው ሪንግ ተሰብሯል። ጣቴን ከሲሊንደሩ አፍ ወደ ውስጥ ሳንሸራትት ጥፍሬ ጠርዝ ያዘ። ሪንግ የማይደርስበት የላይኛው ጫፍ ሳይበላ ይቀራል፣ ከሥሩ ያለው ይበላል፣ በመሃል ደረጃ ይፈጠራል። አሮጌው ሪንግ ከደረጃው ጋር አብሮ ስለተበላ ይስማማዋል። አዲሱ ግን ማዕዘኑ ስላልተበላ ከጠርዙ ጋር እየተጋጨ ይሰበራል። ይህን አሳየኋቸው፤ ሲሊንደሩ ከነፒስተኑ መቀየር እንዳለበትም ነገርኳቸው። አልተቀበሉኝም። ሞተሩን በፒክአፕ አስጭነው ሌላ ሰው ዘንድ ሄዱ፤ ለሌላ ሪንግ።

ከሆለታ እስከ ባኮ የማገኘው እምነት ይኸው ነው፤ ሞተር ካጨሰ ሪንግ ነው፣ ሪንግ ከተቀየረ ሞተሩ ታድሷል። ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ እግዜር ይቁጠረው። የሚያደክመኝ የባለመኪናው አይደለም። መካኒኩም ሳይለካ እሺ ማለቱ ነው።

ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች እኩል አይበላም። ፍንዳታው የሚበረታበትና ዘይት የሚያንስበት የላይኛው ክፍል ይሰፋል፣ ክብነቱም ይዛባል። የውስጥ ዲያሜትሩ በ0.1 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ የሪንጉ ጫፎች ክፍተት ከ0.3 ሚሊ ሜትር በላይ ይጨምራል። ለዚህ ሞተር አዲስ ሪንግ ሲገጠም ክፍተቱ ከ0.30 እስከ 0.45 መሆን አለበት፤ 0.90 ከደረሰ ይጣላል። እንግዲህ 0.2 ሚሊ ሜትር በሰፋ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ሪንግ ገና ከካርቶኑ እንደወጣ የሚጣልበትን ልክ አልፏል ማለት ነው። ፎርጅድ ሆነ ኦሪጅናል ምን ለውጥ ያመጣል? ሪንጉን ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቶ፣ በፒስተን ራስ ገፍቶ አስተካክሎ፣ ጫፎቹ መሃል ፊለር ጌጅ ማስገባት ነው። አንዴ ከታች፣ አንዴ ከላይ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉንም ይናገራል።

በቮልስ ላይ ደግሞ ሰበብ የለም። በአብዛኛው ሌላ መኪና ብሎኩን ተሸክሞ ሪቦር ማስደረግ ያስፈልጋል። የቮልስ አራቱ ሲሊንደሮች ግን ለየብቻቸው ተመዝዘው የሚወጡ ናቸው፤ ከነፒስተናቸው በሴት ይሸጣሉ። ፋብሪካው በአንድ ሞተር ፒስተኖች መካከል ከ10 ግራም በላይ የክብደት ልዩነት አይፈቅድም። ፌሪ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1948 የፖርሽን ስም የያዘችውን የመጀመሪያዋን የስፖርት መኪና ሲሠራ የተጠቀመው የዚሁኑ የቮልስ ሞተር ነው፤ 1,131 ሲሲ። «የድሮ መኪና ስለሆነች እንደነገሩ ትሠራለች» ሲሉኝ የምናደደው ለዚህ ነው። በጥንቃቄ የተሠራ ሞተር ነው፤ ጥንቃቄ ይገባዋል።

ጭስ ሁሉ ደግሞ የሪንግ አይደለም። እኛ ያለንበት አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ጌዶ ሲወጣ ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተመጠነ የሶሌክስ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ሳይቃጠል የቀረው ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥባል፤ ሪንግና ሲሊንደር የሚበላውም በዚያ ነው። ጂግለሩ ካልተስተካከለ አዲሱንም ሴት ያው ዕጣ ይጠብቀዋል። የቮልስ ሲሊንደሮች ጋደም ያሉ ስለሆኑ ጠዋት ስትነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ብትለቅና ወዲያው ብትጠራ ጤናዋ ነው። ለዚያ ጭስ ተብሎ ሞተር አይወርድም።

አቧራውም አለ። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ጀልዱና ጅባት ገጠር በበጋ የሚነዳ ሰው የአየር ማጣሪያው ሥር ያለውን ዘይት ካልለወጠ፣ ያ ዘይት ጭቃ ይሆንና አቧራው በካርቡሬተሩ በኩል ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። ሰው ሪንግ ይገዛል እንጂ ማጣሪያውን ከፍቶ አያይም።

በደንብ የተገጠመውንም የሚያበላሹት አሉ። «ይለማመድ» ብለው ጋራዥ ውስጥ በሚኒሞ ሲያስጮሁት ይውላሉ። አዲስ ሪንግ ከሲሊንደሩ ጋር የሚተዋወቀው ጭነት ሲያገኝ ነው፤ በሚኒሞ ግድግዳው ይለሰልስና ሪንጉ ሳይቀመጥ ይቀራል፣ በአየር የሚቀዘቅዘውም ሞተር ቆሞ ይግላል። ቫልቩ ከተስተካከለና ዘይቱ ከታየ በኋላ ወዲያው አስነስቶ ወደ ጉደር መንዳት ነው፤ ነዳጁን ረገጥ ለቀቅ እያደረጉ፣ ሳያስጨንቁ። ሲመለስ ዘይቱ ይቀየራል፣ ቫልቩ እንደገና ይለካል።